«ቀዳሚ ጥናት አላገኘሁም» ከማለታችን በፊት፦ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አጥኚና የቤተ መጻሕፍት ዳታቤዝ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፤

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች ለማስተርስ ዲግሪ ማሟያ የቀረቡ ጽሑፎችን ያገላበጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አንድ የተለመደ ዓረፍተ ነገር ያገኛል። «አጥኚው እስካደረገው ፍለጋ ድረስ በዚህ ርዕስ ላይ የተሠራ ጥናት አላገኘም» ይላል። ቀጥሎም ይህ አለመገኘት ለአዲሱ ጥናት አስፈላጊነት ዋነኛ ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። ዓረፍተ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ በቅን ልቦና የሚጻፍ ነው። ሆኖም የት እንደተፈለገ፣ በምን ቃል እንደተፈለገ፣ በየትኛው ፊደልና በየትኛው የስም አጻጻፍ እንደተፈለገ ስለማይነግረን እውነትነቱን የምንመዝንበት መንገድ የለንም። የተሰጠኝ ርዕስ የቤተ መጻሕፍት ዳታቤዞችን ለሥነ ጽሑፍ ጥናት ስለመጠቀም ነው፤ እኔ ግን ርዕሱን ወደዚህ ዓረፍተ ነገር አጥብቤ፣ እንዲህ ብሎ ለመጻፍ የሚያበቃ ፍለጋ ምን እንደሚመስል ብናገር የሚሻል መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እንያዝ። አንድ ተማሪ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የመሬት ሥሪትና የባላገሩ ዐመፅ እንዴት እንደተሣለ ሊያጠና ተነሥቷል እንበል። ልቦለዱን ያነበበ ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻንና በአበጀ በለው መሪነት የተነሡባቸውን ባላገሮች ያስታውሳል፤ ስለዚህ ርዕሱ ባዶ አይደለም። ተማሪው መጽሐፉን ደጋግሞ አንብቧል፤ አማካሪው መምህርም ሐሳቡን ተቀብለውለታል። የቀረው ከእርሱ በፊት ማን ምን እንዳለ ማወቅ ነው።

ይህ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፦ ጎግል ላይ የመጽሐፉን ስም ይጽፋል። የሚያገኘው የመጽሐፉን ትረካ፣ የፌስቡክ ጥቅሶች፣ የመጽሐፍ መሸጫ ማስታወቂያዎችና ጥቂት የጋዜጣ ጽሑፎች ናቸው። ይህ ለጥናት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ የአንባቢን አቀባበል ለሚያጠና ሰው እንዲያውም ዋና ምንጭ ሊሆን ይችላል። የቤተ መጻሕፍት ዳታቤዝ ከዚህ የሚለየው ግን በውስጡ የገባው ነገር ተመርጦ የገባ፣ ማን እንደጻፈው፣ የት እንደታተመ፣ በስንተኛው ቅጽና በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ ተመዝግቦ የተቀመጠ በመሆኑ ነው። ዳታቤዞች ግን በባሕርያቸው አንድ አይደሉም። ብዙው የፍለጋ ስሕተትም ሁሉንም እንደ አንድ ከመቁጠር ይመጣል።

ሁላችንም የምናውቀውን የምሁራዊ መጽሔቶች ዳታቤዝ፣ ጄስቶርን፣ እንውሰድ። ጄስቶር የተወለደው በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው። የአሜሪካው የሜሎን ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ዊልያም ቦወን የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት በቆዩ መጽሔቶች ብዛት መደርደሪያ እያጡ መሆናቸውን ተመልክተው፣ የቆዩትን ቅጾች በዲጂታል አስቀምጦ ቦታ የማስለቀቅ ሐሳብ አመጡ። ይህ አነሣሥ ዛሬም ድረስ በጄስቶር ጠባይ ላይ ይታያል፤ የቆየውን በደንብ ይይዛል፣ አዲሱን ግን ሁልጊዜ አይዝም። ብዙዎቹ መጽሔቶች አሳታሚዎቻቸው ከጄስቶር ጋር ባላቸው ስምምነት መሠረት የቅርብ ዓመታት ቅጾቻቸውን፣ ብዙውን ጊዜ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ያህሉን፣ ለጄስቶር አይሰጡም። ስለዚህ በጄስቶር ብቻ የፈለገ ተማሪ ክለሳ ድርሳናቱ (የቀዳሚ ጥናቶች ቅኝቱ) ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቋርጦ ቢገኝ ሊገርመው አይገባም። በ1995 (እ.ኤ.አ.) በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤትና በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የተጀመረው ፕሮጀክት ሚዩዝ ደግሞ በተቃራኒው አዳዲስ ቅጾችን በማቅረብ ላይ የቆመ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠቀም ሰው የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሞላል።

ሦስተኛው በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይታወቀው የኤም ኤል ኤ ዓለም አቀፍ ቢብሊዮግራፊ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አንድ ዳታቤዝ ብቻ እንዲያውቅ ቢፈቀድለት እኔ የምመርጥለት ይህን ነው። መነሻው የአሜሪካ የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር (ኤም ኤል ኤ) በ1921 (እ.ኤ.አ.) በመጽሔቱ ላይ ማውጣት የጀመረው ዓመታዊ የጽሑፎች ዝርዝር ሲሆን፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ የሚጻፈውንም መመዝገብ ጀምሯል። በመሠረቱ ማውጫ እንጂ የጽሑፍ ማከማቻ አይደለም። ሙሉውን ጽሑፍ ላታገኙበት ትችላላችሁ፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ተማሪ «ባዶ ነው» ብሎ ይተወዋል። ይሁንና እያንዳንዱን ጽሑፍ ሰው ተመልክቶ ስለ የትኛው ደራሲ፣ ስለ የትኛው ድርሰት፣ ስለ የትኛው ዘመንና ስለ የትኛው ጭብጥ እንደሆነ ለይቶ የመዘገበበት ነው። ጄስቶር ውስጥ ስትፈልጉ ኮምፒውተሩ በጽሑፉ ሙሉ አካል ውስጥ ያንን ቃል ያድናል፤ ስለዚህ ሐዲስ ዓለማየሁ በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ላይ በዲፕሎማትነታቸው ብቻ የተጠቀሱበት ጽሑፍ ሁሉ ይመጣላችኋል። በኤም ኤል ኤው ግን «ዋና ርዕሰ ጉዳይ የሆነ ደራሲ» በሚለው ረድፍ ውስጥ ፈልጋችሁ የምታገኙት ስለ እርሳቸው ድርሰት የተጻፈውን ነው። ሰፊውም ጠባቡም ፍለጋ ጥቅም አላቸው፤ የትኛውን እያደረጉ እንደሆነ አለማወቅ ነው የሚጎዳው።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንግባ። ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተጻፈው ምሁራዊ ጽሑፍ በእነዚህ ቋቶች (ዳታቤዞች) ውስጥ የለም ማለት ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከ1963 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያሳትመው «ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» በጄስቶር ይገኛል። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1941 (እ.ኤ.አ.) የመሠረቱት «ራሴኛ ዲ ስቱዲ ኤቲዮፒቺ»ም እዚያው አለ፤ በጣሊያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ጥናቶችን ስለሚይዝ በእንግሊዝኛ ቃል ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ያልፈዋል። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚታተመው የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ጥናት መጽሔት በሁለቱም ቋቶች ይታያል። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚወጣው «ሪሰርች ኢን አፍሪካን ሊተሬቸርስ» ደግሞ የአማርኛን ድርሰት ከሌላው የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ጎን አስቀምጦ ማየት ለሚፈልግ ሰው የግድ ነው። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሐምቡርግ የሚታተመው «ኤቲዮፒካ» ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ በነፃ ይነበባል። «ካላሉ» የተባለው የአሜሪካ የሥነ ጽሑፍና የሥነ ጥበብ መጽሔት በ2010 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሙሉ እትም ለኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥነ ጥበብና ባህል አውጥቶ ነበር፤ ሆኖም ብዙ የአማርኛ ተማሪ አያውቀውም።

ጽሑፉ እዚያ ካለ ታዲያ ተማሪያችን ለምን አያገኘውም? ዋናው ምክንያት ስም ነው። በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የትኛውም የእንግሊዝኛ የፍለጋ መመሪያ ይህን ችግር ስለማያነሣው የምንማረው እርስ በርሳችን ነው።

ሐዲስ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ዲ» አንዴም ሁለቴም ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው ፊደል ሥር ነጥብ ያለበትም የሌለበትም አጻጻፍ አለ። ዓለማየሁ ሲጻፍ ደግሞ «የ» በአንድ ወይም በሁለት «ዋይ»፣ ግዕዙ ድምፅ በ«ኢ» ወይም ከላይ ሁለት ነጥብ ባለበት «ኤ»፣ የመጀመሪያው ዐይን በትንሽ ጭረት ወይም ያለ ምንም ምልክት ይመጣል። የመጽሐፉ ርዕስ ከዚህ ይብሳል፤ «ፍቅር» በ«ኬ»ም በ«ኪው»ም ይጻፋል፤ በመካከሉ «አይ» ወይም «ኢ» ወይም የተገለበጠችው የሳድስ ምልክት ትገባለች፤ «እስከ» እና «መቃብር» ላይም ይኸው ይደገማል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የራሱን የአጻጻፍ ሥርዓት ይከተላል፤ ሐምቡርግ የተዘጋጀው አምስት ቅጽ «ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» ሌላ ሥርዓት ይከተላል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ የጻፈ ሰው ደግሞ ፓስፖርት ላይ እንደሚጻፈው ይጽፋል። ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የቅኝ ገዢ ቋንቋዎች አጻጻፍ ይጨመራል። በ1908 (እ.ኤ.አ.) በሮም የታተመውን፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀውን ልብ ወለድ ታሪክ የጻፉትን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን የሚያጠና ሰው በጣሊያንኛው ልማድ በ«ቪ» የተጻፈውን «አፈቮርክ» ካልፈለገ በጊዜው ስለ ደራሲው የተጻፈውን አብዛኛውን አያየውም።

የአባት ስም ጉዳይም አለ። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለን ብሎ ስለሚያስብ አንዳንዱ ቋት ደራሲውን «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ ይገለብጠዋል፤ ሌላው፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን ጨምሮ፣ በራሳችን ልማድ ከተጸውዖ ስም ይጀምራል። አንድ ጽሑፍ በዋቢው ውስጥ «ዓለማየሁ 1966» የሚል ካያችሁ ሌላ ዓለማየሁ ሳይሆን ሐዲስ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ይጨመራል፤ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ስለሆነ በአንዱ ዝርዝር 1965፣ በሌላው 1966፣ በጥንቃቄ በተሠራው ዝርዝር ደግሞ ሁለቱም በእዝባር ተያይዘው ይገኛሉ፤ ሳይለወጥ 1958 ተብሎ የተመዘገበበትም አይጠፋም። በዓመት የሚያጣሩ ሁሉ ይህን ያስቡበት።

«እንግዲያው በራሳችን ፊደል ብንፈልግስ?» ትሉኝ ይሆናል። መፈለግ ይገባል፤ ግን እርሱም ቀላል አይደለም። ለኮምፒውተር ሐዲስ፣ ሀዲስና ሃዲስ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ዓለማየሁና አለማየሁም እንደዚሁ። የሀ፣ የሰ፣ የአና የጸ ዘሮችን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ቋት ካላጋጠማችሁ በቀር እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ መሞከር ነው። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት አንድ ወጥ የኮምፒውተር ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የተጻፉት የየራሳቸው ኮድ በነበራቸው የአማርኛ ፎንቶች ነው። እነዚህ በፒዲኤፍ ተቀምጠው ለዓይናችን ጥርት ብለው ቢነበቡም መፈለጊያው ግን ከሥራቸው የሚያገኘው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቅ ነው። ስካን የተደረገ ገጽ ደግሞ ፊደሉ በሶፍትዌር ካልታወቀ ለፍለጋ ሲባል ሥዕል ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ፈልጎ ያጣ ሰው ጽሑፉ የለም ወይም ማሽኑ ማንበብ አልቻለም ከሚሉት ሁለት ድምዳሜዎች የትኛው ትክክል እንደሆነ ገና አላወቀም።

መፍትሔው ትዕግሥትና ጥቂት የፍለጋ ዘዴ ነው። ሁሉም ዋና ዋና ዳታቤዞች የሚቀበሏቸው ሦስት ማያያዣዎች አሉ፤ «ኤንድ» ሁለቱንም ቃላት የያዘውን፣ «ኦር» ከሁለቱ አንዱን የያዘውን፣ «ኖት» ሁለተኛውን ያልያዘውን ያመጣል። የእኛ ተማሪ በብዛት የሚጠቀመው በ«ኤንድ» ነው፤ ለኢትዮጵያ ጥናት ግን ወሳኙ «ኦር» ነው። የደራሲውን ስም የታወቁ አጻጻፎች በቅንፍ ውስጥ በ«ኦር» አያይዞ መደርደር፣ ከዚያ ቅንፍ ውጭ ሁለተኛውን ሐሳብ በ«ኤንድ» መጨመር ነው። ሙሉ ስም ወይም ሐረግ ሳይበታተን እንዲፈለግ በትእምርተ ጥቅስ መክበብ ያስፈልጋል። የኮከብ ምልክትም አለች፤ «ዓለማየሁ» ከሚለው ስም የላቲን አጻጻፍ የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት ብቻ ጽፋችሁ ኮከብ ብትጨምሩ በአንድና በሁለት «ዋይ» የተጻፈውን ሁሉ ያመጣል፤ ዓለሙንና ዓለምነህንም አብሮ ያመጣልና የመጀመሪያውን ስም በአጠገቡ ማኖር ይገባል። የኤም ኤል ኤው ቋት በሚቀርብበት፣ ኢብስኮ በተባለው የዳታቤዞች መድረክ ውስጥ ሁለት ቃላት በአምስት ቃል ርቀት ውስጥ እንዲገኙ ማዘዝም ይቻላል፤ ስሙ ተገልብጦ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ ይህ ያድነዋል።

ሁለተኛው ሐሳብ፣ ማለትም የመሬት ሥሪቱና ዐመፁ፣ የራሱ የቃላት ጥያቄ አለው። ተማሪው በእንግሊዝኛ «ፊውዳሊዝም» ብሎ ቢፈልግ በተለይ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጻፈውን ያገኛል፤ የዚያ ትውልድ ምሁራን የሚወዱት ቃል ነበርና። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት የታሪክ ጥናቶች ግን ቃሉ ለኢትዮጵያ ይስማማል አይስማማም በሚል ክርክር ምክንያት «ርስት»፣ «ጉልት» እና «ገባር» የሚሉትን የራሳችንን ቃላት በላቲን ፊደል እየጻፉ መጠቀምን ይመርጣሉ። እንግዲህ የቃሉ ምርጫ የዘመንና የአመለካከት ምርጫ ጭምር ነው፤ በአንድ ቃል ብቻ የፈለገ ተማሪ ሳያውቀው የአንድን ትውልድ ወገን ይዟል። ይህን የምታልፉበት ዘዴ አንድ የሚጠቅም ጽሑፍ ስታገኙ ቋቱ ለዚያ ጽሑፍ የሰጠውን የርዕሰ ጉዳይ ስያሜ ተመልክቶ በዚያ ስያሜ መልሶ መፈለግ ነው። የራሳችሁን ቃል በቋቱ ላይ ከመጫን ቋቱ የሚናገርበትን ቃል መስማት ይበልጥ ያዋጣል።

ተማሪያችን ይህን ሁሉ አድርጎ «ፍቅር እስከ መቃብር» በርዕሱ ላይ የተጻፈበትን ጽሑፍ ብቻ ቢሰበስብ አሁንም ዋናዎቹን ሥራዎች ሊያጣቸው ይችላል። ምክንያቱም ስለዚህ ልቦለድ የተባለው ብዙው ነገር የሚገኘው ስለ አማርኛ ልቦለድ በጠቅላላው በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የአልበርት ዤራር የ1971 መጽሐፍ አማርኛን ከሦስት የደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ ጋር አብሮ ያየ ነው፤ የቶማስ ኬን የ1975 ሥራ የአማርኛን ድርሰቶች በየጭብጣቸው የተመለከተ ነው፤ ራይዱልፍ ሞልቬር በ1980 ያሳተሙት ደግሞ ልቦለዶችን የኅብረተሰቡን ኑሮ ለማየት የተጠቀመባቸው ነው (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሦስቱም መጻሕፍት ናቸው፤ የመጽሔት ዳታቤዝ የመጻሕፍትን ምዕራፎች ሁልጊዜ አይመዘግብም። ወደ እነዚህ የሚያደርሰው የቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግና የሌሎች ሰዎች ዋቢ ዝርዝር ነው።

ዋቢን ተከትሎ መሄድ ከማንኛውም የፍለጋ ቃል ይልቅ አስተማማኝ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ። ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ታዬ አሰፋና ሽፈራው በቀለ በ2000 (እ.ኤ.አ.) በ«ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» ላይ ያወጡት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት አጠቃላይ ቅኝት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማን ምን እንዳጠና የሚዘረዝር፣ የመመረቂያ ጽሑፎችንም የማይንቅ ሥራ ነው። ከእርሱ ወደ ኋላ የምትሄዱት በዋቢዎቹ ነው። ወደ ፊት የምትመጡት ደግሞ የጎግል የምሁራዊ ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነው ጎግል ስኮላር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ባስቀመጠው የጠቃሾች ዝርዝር ነው፤ ያንን ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ የጠቀሱትን ያሳያችኋል። ጎግል ስኮላር ምርጫ ስለማያደርግ ደካማውንም ጠንካራውንም አንድ ላይ ያፈስሳል፤ ለዚህ አገልግሎት ግን ተወዳዳሪ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ትዝብት ልናገር። በእነዚህ የውጭ ቋቶች ውስጥ በእንግሊዝኛ የጻፉ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ደራስያን ከአማርኛ ደራስያን ይልቅ በቀላሉ ይገኛሉ። ዳኛቸው ወርቁን ውሰዱ፤ በአማርኛ «አደፍርስ»ን፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ በ1973 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ልቦለድ ጽፈዋል። ለእኛ ትልቁ ሥራ «አደፍርስ» ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚያነበው የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ የሚደርስበት ግን ሁለተኛው ነው። ተማሪ የመመረቂያ ርዕሱን ምንጭ በቀላሉ በተገኘለት ነገር ላይ የሚመርጥ ከሆነ ቋቱ ሳያውቀው የጥናታችንን አቅጣጫ ይመራዋል ማለት ነው። ይህ ያሳስበኛል።

ስለ ክፍያ በአጭሩ ልናገር፤ ሁልጊዜ የሚጠየቅ ነውና። ጄስቶር በአፍሪካ ላሉ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ተቋማት ክፍያውን የሚያነሣበት መርሐ ግብር አለው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ የሚቀርበው ለቤተ መጻሕፍታችሁ ባለሙያ ነው። ተቋማችሁ ባይኖረውም በግል የኢሜይል ምዝገባ በየወሩ እስከ 100 ጽሑፍ በመስኮቱ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ማውረድ ግን አይፈቅድም። ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ምሁራዊ መጽሔቶችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያቀርበው ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው መርሐ ግብር አነሣሡ ለጤና ስለሆነ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይረሳዋል፤ ሆኖም በውስጡ የሰብአዊ ሳይንስ መጽሔቶች ያሏቸው ትልልቅ አሳታሚዎች አሉበት። በአፍሪካ የሚታተሙትን መጽሔቶች አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ሰብስቦ ይዟል። ይህ ሁሉ ያልያዘውን ጽሑፍ ለደራሲው በኢሜይል መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ምሁር ጽሑፉ ሲነበብለት ደስ ይለዋል።

የግዕዝ ድርሳናትን ለምታጠኑ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ካታሎግ በመሥራት ያሳለፉባቸው ከ9 ሺህ የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ጽሑፎች ቤተ መጻሕፍት አማካይነት፣ በዲጂታል የቀረቡት ደግሞ በነፃ ምዝገባ፣ ይታያሉ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክትም ድርሳናቱን፣ ብራናዎቹንና ስሞቹን እያገናኘ የሚያሳይ ነው። የስም ነገር እዚህም ይከተላችኋል፤ ግን ለእያንዳንዱ ድርሳን ቋሚ መለያ ቁጥር ስለሚሰጠው ከልቦለዱ ተማሪ ይልቅ እናንተ ትሻላላችሁ።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በስክሪን ላይ የሚገኘውን ነው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሒስ ግን ብዙው የተጻፈው በአማርኛ፣ በአገር ውስጥ፣ ማንም የውጭ ማውጫ በማይመዘግባቸው ቦታዎች ነው። በደርግ ዘመን «የካቲት» መጽሔት ላይ የወጣ የሥነ ጽሑፍ ክርክር፣ ከዚያም በፊት በ«መነን» ወይም በ«አዲስ ዘመን» ላይ የታተመ የመጽሐፍ ግምገማ፣ በ«ዜና ልሳን» ላይ የወጣ ጥናት በኤም ኤል ኤው ቋት ፈልጎ ማግኘት ዕድል ነው። እነዚህ በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና በወመዘክር መደርደሪያ ላይ አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክ መመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ብዙ ሥራዎችን ይዟል፤ በብሔራዊ ደረጃም የትምህርትና ምርምር ኔትወርኩ ያቆመው ማከማቻ አለ። በሁለቱም ስትፈልጉ ርዕሱን በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ትርጉሙና በላቲን ፊደል አጻጻፉ ሞክሩ፤ መዝጋቢው የትኛውን እንደመረጠ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ የተጻፉት በታይፕ የተመቱ ጥናቶች በአብዛኛው ዲጂታል ስላልሆኑ የትምህርት ክፍሉን ቁም ሣጥን ማስከፈት ሳይጠይቅ አይቀርም።

ስክሪኑን ማመን የሌለብን ስላልተመዘገበው ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) የብሪቲሽ ላይብረሪ በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ካታሎጉና ብዙ ዲጂታል ስብስቦቹ ለወራት ተቋርጠው ነበር። ለጥናታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ጽሑፍ ባገኛችሁበት ቀን አስቀምጡት፤ ዞቴሮ የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ከነዋቢው ያስቀምጥላችኋል። የኢትዮጵያን ስም ግን ፕሮግራሙ ገልብጦ እንዳያስቀምጥባችሁ በአንድ ረድፍ እንዲጻፍ ማስተካከልን አትርሱ።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋቢ ስጡኝ ሲባሉ እውነተኛ ከሚመስል ደራሲ፣ ቅጽና ገጽ ጋር ፈጽሞ የሌለ ጽሑፍ ሊጽፉላችሁ ይችላሉ፤ ስለ እኛ ሥነ ጽሑፍ የተማሩት ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ግምታቸው የበዛ ነው። የስም አጻጻፎችን እንዲዘረዝሩላችሁ ብትጠይቋቸው ይረዷችሁ ይሆናል። የሰጧችሁን ማንኛውንም ዋቢ ግን በዳታቤዝ ወይም በካታሎግ በዓይናችሁ ሳታዩት አትጥቀሱ።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ እንመለስ። «አላገኘሁም» የሚል ተማሪ ከፍለጋው መጀመሪያ ጀምሮ ማስታወሻ ቢይዝ ዓረፍተ ነገሩ ይለወጣል፤ በየትኛው ቋት፣ በየትኞቹ ቃላትና አጻጻፎች፣ በየትኛው ወር እንደፈለገ፣ የትኛውን መጽሔት በመደርደሪያ ላይ ገልጦ እንዳየ ሁለት ወይም ሦስት መስመር ይበቃዋል። እንዲህ ሲጻፍ አማካሪው ያልተሞከረውን ይጠቁማሉ፤ ፈታኙም የጎደለውን ያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ውጤቱ «የለም» ከሚለው ተለውጦ «ስለ ልቦለዱ የፍቅርና የመደብ ጭብጥ ብዙ ተብሏል፤ የዐመፁ ክፍል ግን በሦስት ሥራዎች ውስጥ በአንዳንድ አንቀጽ ብቻ ተነሥቷል» ዓይነት ይሆናል። ይህ ለተማሪው የበለጠ ጠንካራ መነሻ ነው፤ የሚከራከራቸው ሰዎች አግኝቷልና።

በመጨረሻ የእናንተ ጽሑፍ ራሱ ወደ ማከማቻው ሲገባ ስለሚመዘገብበት ሁኔታ ላሳስብ። አኅጽሮተ ጥናቱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጁ። በቁልፍ ቃላቱ ረድፍ የደራሲውንና የድርሰቱን ስም በግዕዝ ፊደል፣ ቢያንስ በሁለት የላቲን አጻጻፍ ጨምራችሁ አስገቡ። የሁለቱንም ዘመን አቆጣጠር ዓመት በሽፋኑ ላይ ጻፉ፤ ፋይሉንም በዩኒኮድ ፎንት ሠርታችሁ፣ ከማስረከባችሁ በፊት ከመካከሉ አንድ የአማርኛ ቃል በመፈለጊያው ፈልጋችሁ መገኘቱን አረጋግጡ።